ቅሬ በቤት ኪራይ፣ በደመወዝና በገበያ ጉዳይ ምን አገባው?

የቅሬ ጸሐፊ፣ ኮምቦልቻ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለክርክር የማቀርበው ጉዳይ በሠፈራችን ቅሬ፣ ማለትም በሌላው አገር ዕድር በሚባለው የቀብርና የመረዳጃ ማኅበራችን፣ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ሳይቋጭ የቀረ ነው። አንድ ወጣት አባል፣ የከተማችን ቅሬዎች ከመቅበርና ከማስተዛዘን አልፈው፣ እርስ በርሳቸው ተሰባስበው፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ እህል ዋጋ፣ ስለ ፋብሪካ ሠራተኛው ደመወዝና ስለ አካባቢው ሰላም በአንድ ድምፅ ሊናገሩ ይገባል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ከፊሉ ሰው ደገፈው፤ ከፊሉ «ቅሬያችንን ለፖለቲካ አታጋልጡብን» ብሎ ተቆጣ፤ የቅሬው ዳኛም (ሰብሳቢያችን) ነገሩ ሳይካረር ለሌላ ቀን አሳደሩት። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

እኔ ከደጋፊዎቹ ወገን ነኝ። መዝገቡ በእጄ ስለሆነ የሰዉ ኑሮ እንዴት እያሽቆለቆለ እንደሄደ ከብዙ ሰው ቀድሜ አያለሁ፦ ውዝፍ የሌለበት አባል ተመናምኗል፤ ከየቤቱ ለለቅሶ ይዋጣ የነበረው እንጀራ በስብሰባ ውሳኔ እንዲያንስ ተደርጓል፤ ፈረቃውን ትቶ ቀብር የመጣ ሠራተኛ በፋብሪካው ደመወዙ ይቆረጥበታል፣ ሳይመጣ የቀረው ደግሞ በእኛ ይቀጣል። በዕቃ ቤታችን የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ብረት ድስት በቀለም ምልክት ተለይቶ ይቀመጣል፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ የውሃ በርሜሉና የገንዘብ ሣጥኑ ግን የጋራ ነው። ልዩነቱን ሳይክድ አብሮ የሚሠራ፣ ባለጸጋውንና ድሃውን በአንድ ግዴታ ያሰረ፣ ሒሳቡንም በአባላቱ ፊት ቆሞ የሚያነብ ሌላ ማኅበር በከተማችን አላውቅም።

ያለፈውንም አስቡት። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ሲያልቅ እህል ከጠቅላይ ግዛቱ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ እንደነበር፣ በደሴ ገበያም ዋጋው የረሃቡን ያህል እንዳልናረ የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን አሳይተዋል፤ ሰዉ ያለቀው መግዣ አጥቶ ነው። አያቶቻችን ያኔም በቅሬያቸው ሙታናቸውን ቀብረዋል። ሥራው መቅበር ብቻ የሆነ ማኅበር ሰዉ ለምን እንደሞተ የሚጠይቅበት ቀን አይመጣለትም፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ጡረተኛ መምህር፣ ወልዲያ፦

ወንድሜ ጸሐፊው፣ ስለ 1966ቱ ረሃብ ያነሣኸው እውነት ነው፤ ከዚያ ያወጣኸው መደምደሚያ ግን አላሳመነኝም። ያንን ረሃብ አደባባይ ካወጡት መካከል የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ይገኙበታል፤ እነርሱም የሚሰማቸው ያገኙት በብዙ ውጣ ውረድ ነው። ገጠር ያለ ቅሬ ጮኾ ቢሆን ኖሮ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት በር የሚያልፍ አይመስለኝም።

የበለጠ የሚያስፈራኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ጭሰኛው በደስታ ጨፍሯል፤ መጨፈሩም ተገቢ ነበር። አዋጁን እንዲያስፈጽም የተቋቋመው የገበሬ ማኅበር ግን ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የኮታ እህል የሚሰበስብ፣ ለዘመቻ ወጣት የሚመለምል፣ በ1977 እና በ1978 ደግሞ ለሠፈራ የሚሄደውን የሚመዘግብ ክንድ ሆኖ ቀረ። የሕዝብ ነው የተባለ ማኅበር መዝገብና ማኅተም ይዞ የመንግሥትን ጉዳይ ማንሣት ሲጀምር፣ መንግሥትም የራሱን ጉዳይ ይዞ ወደ ማኅበሩ መግባቱ አይቀርም። ቅሬ ከዚያ ሁሉ ዘመን ተርፎ እዚህ የደረሰው ዝም ብሎ ሬሳ ስለሸኘ ነው።

ዛሬ ያለንበትንም አትርሱ። ሐምሌ 2015 በክልላችን የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለአሥር ወራት ቆይቶ ቢያበቃም ተኩሱ ከአዋጁ ጋር አላበቃም። በእንዲህ ያለ ጊዜ የስም ዝርዝር፣ የገንዘብ ሣጥንና ዳኛ ያለው ማኅበር «ድምፅ ልሁን» ብሎ ሲነሣ ሁለቱም ወገን ይፈልገዋል፤ አንዱ ሊጠቀምበት፣ ሌላው ሊቀጣው። እባካችሁ «ድር ቢያብር»ንም አትጥቀሱብኝ፤ አንበሳው ማን እንደሆነ ሳይስማሙ ያበሩ ድሮች የሚተበትቡት እርስ በርሳቸው ነው።

የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ፦

በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ የምሠራ፣ ከጓደኞቼ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቼ የምኖር ነኝ። ጋሼ መምህር ስለ መንግሥት ያነሡት ሥጋት እንዳለ ሆኖ፣ እኔን የቆረቆረኝ «ባለጸጋውንና ድሃውን በአንድ ግዴታ ያሰረ» የሚለው የጸሐፊው አነጋገር ነው። ድሃ የተባለው ማን ነው? በሠፈሩ ዓመታት ብቆይም የቅሬው አባል አይደለሁም፤ የመግቢያው ክፍያ ነባሩ አባል እስከ ዛሬ ካዋጣው ጋር እንዲመጣጠን ተደርጎ ስለሚሰላ በእኛ ደመወዝ አይቀመስም፣ ደግሞም አከራዬ ከነገ ወዲያ ልቀቂ ብትለኝ የምገባበት ሠፈር ሌላ ነው። አብራን የምትሠራ ልጅ ያረፈች ጊዜ አስከሬኗን ወደ ወላጆቿ አገር ለመላክ የመኪናውን ኪራይ ከየኪሳችን ያዋጣነው እኛው የፈረቃ ጓደኞቿ ነበርን፤ ከፈኑን ሳይቀር በዱቤ ነው ያወጣነው። ከበሩ ፊት ለፊት የቅሬው ድንኳን ለሌላ ለቅሶ ተተክሎ ነበር። ሰዎቹ ጨካኞች ሆነው አይደለም፤ ስሟ በመዝገቡ ስላልነበረ ነው።

የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ ብዙ ወጣት ሴቶች ከየገጠሩ ወደዚህ ከተማ ጎረፉ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ከተማችን ገባ፣ ፋብሪካዎቹም ተዘረፉ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ አገራችን አጎዋ በተባለው የአሜሪካ የንግድ ሕግ በኩል ወደ አሜሪካ ገበያ ያለ ቀረጥ የመግባት ዕድሏ ተቋረጠ። ከሥራ የቀረችው፣ የተጠራቀመባትን ኪራይ የምትከፍለው፣ ወደ ቤተሰቧ ለመመለስም የተዘጋ መንገድ ስታይ የከረመችው ልጅ በየትኛውም ቅሬ መዝገብ ላይ የለችም። ከወለጋ ተፈናቅለው በሐይቅ አካባቢ በጃሪና በቱርክ መጠለያዎች የኖሩትም እንዲሁ። ያገባችውም ብትሆን በባሏ ስም ትመዘገባለች፤ ለለቅሶው ወጥ ስትሠራ ታድራለች፣ ስብሰባው ላይ ግን ቃል የሚሰጠው እሱ ነው። ስለ ደመወዛችን መናገር የሚፈልግ ቅሬ አስቀድሞ ያስመዝግበን፤ ሳያውቀን ስለ እኛ እንዲናገር ግን አንፈቅድለትም።

አከራይ፣ ኮምቦልቻ፦

ልጄ፣ ሐዘንሽ ገብቶኛል፤ ነገር ግን ተከራይ ሁሉ የተበደለ፣ አከራይ ሁሉ የበላ አድርገሽ አትቁጠሪው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የምተዳደረው ከግቢዬ ውስጥ ባሉት ክፍሎች ነው፤ ጡረታ የለኝም። ቆርቆሮውም፣ ሲሚንቶውም፣ ዘይቱም ለእኔ በተለየ ዋጋ አይሸጥም። ቅሬው ባሌን የቀበረልኝ አከራይ መሆን አለመሆኔን ጠይቆ አይደለም፤ እኔም ለሌላው እንጀራ ተሸክሜ የምሄደው ተከራይ ይሁን ባለቤት ይሁን ሳልጠይቅ ነው። ይህ ቅሬ ነገ የክፍሌን ዋጋ በእጅ ብልጫ ልወስን ካለ ግን የመጀመሪያዋ ወጪ እኔ ነኝ፤ እንደ እኔ ያሉም ይከተሉኛል፤ ከዚያ በኋላ የአከራይ ቅሬና የተከራይ ቅሬ ሊኖራችሁ ነው።

የሕግ ባለሙያ፣ ደሴ፦

ክርክሩ ከመጦዙ በፊት ሕጉ የሚለውን ላስቀምጥ፤ አንዳንዱ ፍርሃት ካለማወቅ የመጣ ይመስለኛል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ማንኛውም ሰው ከሌሎች ጋር በሰላም የመሰብሰብና አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው፤ ስለዚህ ቅሬዎች ተፈራርመው አቤቱታ ማስገባታቸው በራሱ ወንጀል አይሆንም። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ጉዳይ የሚሠራውን ማኅበር ከውጭ የሚያገኘውን ገንዘብ ከገቢው ከመቶ አሥር እንዳይበልጥ ገድቦ ብዙዎቹን ሽባ አድርጎ ነበር፤ እርሱም በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሯል። በወረቀት ላይ ያለው ሜዳ ከበፊቱ ሰፍቷል ማለት ነው፤ በመሬት ላይ ያለውን ግን መምህሩ ተናግረውታል።

ደመወዝን በተመለከተ፣ የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 55 የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛው የደመወዝ ወለል እንዲወሰን ይደነግጋል። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ደጋግሞ ቢጠይቅም እስከ 2017 ድረስ ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ወለል አልነበረም። በፋብሪካ ውስጥ ከአሠሪው ጋር የኅብረት ስምምነት መደራደር የሚችለው የሠራተኛ ማኅበሩ ነው፤ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ቅሬ በሠራተኛው ቦታ ተቀምጦ ሊደራደር አይችልም።

ስለ ኪራይም እትዬ ለሰጉበት ነገር መልስ አለ። የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጎ፣ የጭማሪውን ልክ የሚወስነውን አካልም ለይቶ አስቀምጧል። በክልል ከተሞች በየትኛው ላይ እንደሚሠራ የክልሉ ውሳኔ ይጠይቃል። የቅሬ የእጅ ብልጫ ማንንም አከራይ በሕግ አያስገድድም።

ነጋዴ፣ ከሚሴ፦

እኔ ከአበጋር፣ ማለትም ከባህላዊ አስታራቂ ሽማግሌ፣ ቤት ነው ያደግሁት፤ ስለዚህ ነገሩን ከሰላም በኩል ልየው። በእኛ አካባቢ አበጋር ደም የተቃባውን ሲያስታርቅ፣ አፋርና ኦሮሞን፣ አርጎባንና አማራን አንድ ጥላ ሥር ሲያስቀምጥ ቃሉ የሚከበርለት ለራሱ የሚጠይቀው ነገር ስለሌለ ነው። በባቲ የሰኞ ገበያ ግመል ነጂውና እህል ሻጩ ተጣልተው ሰው ቢሞት፣ ካሳው ተቆርጦ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ዱዓው ተደርጎ ገበያው የሚቀጥለው ሽማግሌው የየትኛውም ወገን ጠበቃ ባለመሆኑ ነው። ራያ በኩል ያለው ዘወልድ የሚባለው የሽምግልና ሥርዓትም ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። ቅሬ ዛሬ ስለ ደመወዝ ከፋብሪካው ጋር፣ ስለ ኪራይ ከአከራዩ ጋር ከተካሰሰ፣ ነገ በሠፈሩ ጠብ ሲነሣ ማን ይሸመግላል? ያልተካሰሰ ሰው ከየት ይመጣል? ለሰላም እንሥራ ካላችሁ ቅሬን ከክስ አርቁት፤ ለኑሮው ጉዳይ ሌላ ማኅበር አቋቁሙ።

የገበሬ ልጅ፣ ተሁለደሬ፦

ክርክራችሁ ሁሉ የከተማ ነው። በእኛ በገጠሩ ቅሬ መቅበር ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ከብቱን ሰብል ውስጥ የለቀቀውን ይቀጣል፣ ቤት ለተቃጠለበት እንጨትና ሳር ያዋጣል፣ በወሰን የተጣሉትን ፍርድ ቤት ሳይደርሱ ያስማማል፤ ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት የሚያቀብለው የለም። ስለዚህ «ቅሬ በኑሮ ጉዳይ አይግባ» የሚለው ነገር ለእኛ እንግዳ ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 በአገሪቱ በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዱ የእኛው ተሁለደሬ ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ በየዓመቱ ያዋጣል፣ መክፈል የማይችለውን መንግሥት ይሸፍናል፤ አሠራሩ ለቅሬ ከለመድነው ብዙ ስላልራቀ ሰዉ በቶሎ ገባው። ሆኖም ጤና ጣቢያው መድኃኒት የለም ባለ ቁጥር ታማሚው ከግል መድኃኒት ቤት በኪሱ ሲገዛ ሰዉ «ምኑን ከፈልሁ?» ማለቱ አልቀረም። ተሰባስቦ ማዋጣት ራሱ ግማሹ ሥራ ነው፤ የተዋጣበት አገልግሎት በውሉ መሠረት እንዲመጣ ተሰባስቦ መጠየቁን ግን ማንም አላስተማረንም። በ2015 ማዳበሪያ ሲጠፋ የክልላችን ገበሬዎች እስከ ባሕር ዳር ድረስ ሄደው አቤት ያሉት ሌላ በር ስላጡ ነው። የብሩ የምንዛሬ ተመን በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ማዳበሪያውን በየትኛው ዋጋ እንደምንወስድ ሳናውቅ እናርሳለን። ገበሬው ጤፉን ለዕዳና ለግብር ሲል በጥር በርካሽ ይሸጣል፣ በሐምሌ ከደላላ በውድ ይገዛል። ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ፤ ገበሬው ግን ከቅሬው ዳኛ በፊት የማኅበሩን ሊቀ መንበር አያምንም። ለምን እንደማያምን ጋሼ መምህር ተናግረዋል።

የቅሬ ጸሐፊ፣ ኮምቦልቻ፦

ሁሉንም አንብቤአለሁ፤ በአቋሜ እንደጸናሁ ነኝ፤ የአፈጻጸሙ መንገድ ግን ከእናንተ ክርክር የተነሣ በተሻለ ተስሎልኛል።

ከሚሴ ላሉት ወንድሜ፦ አበጋር ለራሱ አይጠይቅም ማለትዎ ልክ ነው። ነገር ግን አበጋሩ የሚያስታርቀው በምን ጉዳይ ነው? በግጦሽ፣ በውሃ፣ በከብት፣ በገበያ መንገድ አይደለምን? ማን በየትኛው ወር ከየትኛው ውሃ እንደሚያጠጣ ሲቆርጥ የሚቆርጠው የኑሮ ጉዳይ ነው። ሰላምን ከኑሮው ነጥለን ለሁለት ማኅበር እናካፍል ማለት ለአንዱ ዱዓውን፣ ለሌላው ጠቡን መስጠት ነው። ጦርነቱ ከተማችንን ለቆ ከሄደ በኋላ ስለ መቻቻል ስንት ስብሰባ ተጠራ፣ ስንት አበል ተከፈለ፤ በአንዱም ላይ ሥራ ስላጣው ወጣት የተነገረ አልሰማሁም። ሥራ ያጣ ወጣት ደግሞ ጠመንጃ ያለው ሁሉ ይፈልገዋል።

ለእትዬ፦ ኪራይ በእጅ ብልጫ ይወሰን አላልሁም፤ የሕግ ባለሙያውም እንደማይቻል ነግረውናል። የምለው፣ አከራይና ተከራይ በቅሬው ሽማግሌዎች ፊት ውላቸውን በጽሑፍ ያድርጉ፤ ጭማሪ ሲመጣ ከክረምቱ በፊት ይነገር፤ ልጅቷ በአንድ ሳምንት ማስጠንቀቂያ ዕቃዋ ውጭ አይውጣ። እርስዎም ኪራይ ሳይከፍል በሌሊት የሚጠፋውን ተከራይ የሚጠይቅልዎ ያገኛሉ። ቅሬው አከራይንም ተከራይንም ማቀፉ እንደ ድክመት ተነሥቷል፤ እኔ ግን ሁለቱም የሚያፍሩበት ፊት ያለው እዚያ ብቻ ስለሆነ ነው ቅሬን የመረጥሁት።

ደመወዝን በተመለከተ የሠራተኛ ማኅበሩን ቦታ አንወስድም። ሠራተኞቹ ማኅበር ሲያቋቁሙ «ሥራ አስበጥባጭ» ተብለው ሲባረሩ፣ ሠፈሩ ዳር ቆሞ እንዳያይ፣ የደመወዝ ቦርዱም ሥራውን እንዲሠራ የየቅሬው ጠቅላላ ጉባኤ ፈርሞ አቤት እንዲል ነው የምሻው። መምህራችን የሰጉበትን ለመጠበቅ ደግሞ አዲስ ኅብረት፣ አዲስ ሊቀ መንበር፣ አዲስ ሣጥን አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ቅሬ በራሱ ስብሰባ ተወያይቶ ይፈርም፣ ወረቀቱ ሲገባ ሥራው ያልቃል። የሚያዝ መሪ ከሌለ የሚገዛም መሪ አይኖርም። ይህ ለሁሉም ጊዜ ይበቃል አልልም፤ ለዛሬው ግን ይበቃል።

ጡረተኛ መምህር፣ ወልዲያ፦

የኪራዩን ሽምግልና አልቃወምም፤ ሽማግሌ ድሮም የሠራው ነው። የተፈረመውን ወረቀት ግን ማን ተሸክሞ ወደ ቢሮ እንደሚሄድ አልነገርኸኝም። መሪ የለንም ብትልም ወረቀቱን የያዘው ሰው መሪ ይባላል፤ ቢጠየቅም የሚጠየቀው እሱ ነው። አምስት ቀሳውስትና አምስት ሼሆች ፊት ይሁኑ ብትለኝ ኖሮ ትንሽ እለሳለስ ነበር። እስከዚያው በከተማዬ ለሚነሣ ተመሳሳይ ሐሳብ ድምፄን አልሰጥም።

የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ፦

ጋሼ ጸሐፊ፣ ስለ ውሉና ስለ ማኅበሩ የጻፉትን ወድጄዋለሁ፤ ስለ ምዝገባው ግን አንድም ቃል አልመለሱልኝም። የመግቢያው ክፍያ በወር በወር ተከፋፍሎ ይከፈል ቢባል አብዛኞቻችን እንገባለን፤ ሠፈር ስንቀይርም የከፈልነው ወደ አዲሱ ሠፈር ቅሬ የሚተላለፍበት መንገድ ቢበጅ የሚቀረን ምክንያት የለም። ይህን በሚቀጥለው ስብሰባ የሚያቀርብልን አባል እንፈልጋለን፣ ምክንያቱም እኛ አባል ስላልሆንን አጀንዳ ማስያዝ አንችልም። ስብሰባው ደግሞ እሑድ ጠዋት ከሆነ ግማሾቻችን ከሌሊት ፈረቃ የምንወጣበት ሰዓት ነው።

የቅሬ ጸሐፊ፣ ኮምቦልቻ፦

አጀንዳውን እኔ አስይዘዋለሁ፤ ሰዓቱም ከቀትር በኋላ እንዲሆን ዳኛውን እጠይቃለሁ። አባል ያልሆነ ሰው ገብቶ እንዲናገር ደንባችን አይከለክልም፤ ድምፅ መስጠቱን ግን ይከለክላል፤ ደንቡን ለመቀየር ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው መገኘት አለበት፣ ያን ያህል ሰው ደግሞ ከለቅሶ ቀን በቀር ተሰብስቦ አያውቅም።